እስከ ቅዳሜ የቆየ መርዶ

ማክሰኞ ንጋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የእድራችን ዳኛ አቶ ሣህሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ከኋላቸው ጎረቤቴ ብዙነሽና ሌሎች ሁለት ሴቶች አሉ። በእኛ ሰፈር፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ሰው በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ያላወቅሁት ስለ ማን እንደመጡ ነበር። ሁለት ልጆች ነው ያሉኝ። ሩሃማ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ናኦል ተሳቢውን ይዞ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። አቶ ሣህሌ እስኪናገሩ ድረስ በሆዴ ሁለቱንም እያነሳሁ ጣልኩ። እሷ ከምትሆን እሱ፣ እሱ ከሚሆን እሷ ብዬ መምረጥ አልቻልኩም፤ ግን ለመምረጥ ሞክሬ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

አቶ ሣህሌ መርዶ ሲናገሩ ከሩቅ ነው የሚነሱት። መጀመሪያ አስቀመጡኝ። ስለ ብርዱ አወሩ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ስላረፈው ባለቤቴ፣ ስለ ገረሱ ደግነት አወሩ። ብዙነሽ በቀኝ፣ አንዷ ሴት በግራ ክንዴን ያዙኝ፤ መርዶ የሚሰማ ሰው ራሱን መሬት ላይ እንዳይጥል እንዲህ ይያዛል። ከዚያ «ናኦል ነው» አሉ።

ሰኞ ከሰዓት፣ ከአዋሽ ወዲያ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት መኪናው ተገልብጧል። አስከሬኑ እዚያው ሆስፒታል ነው። ወንድሜ ማታውኑ ተነስቶ ሄዷል፤ የፖሊሱ ወረቀት አልቆለት ይዞት የሚገባው ግን ቅዳሜ ማታ ነው። ቀብሩ እሁድ ይሆናል።

«ሩሃማ ቅዳሜ ጠዋት ፈተና አለባት» አልኩ።

ልጄ መሞቱን ከሰማሁ በኋላ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ሩሃማ ቴአትር ነው የምታጠናው፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። የመመረቂያ ፈተናዋ ወረቀት ላይ የሚሠራ አይደለም። ራሷ የጻፈችውን ተውኔት ከጓደኞቿ ጋር ሰው ፊት ትጫወታለች፣ መምህራኑ ተቀምጠው ነጥብ ይሰጣሉ። ያ ቀን ካመለጣት አንድ ዓመት መጠበቅ አለባት። የወንድሟን መርዶ ሰምታ ደግሞ ሰው ፊት ቆማ መጫወት የማይታሰብ ነው።

«ታዲያ እንዴት ይሁን?» አሉ አቶ ሣህሌ።

«ጨርሳ ትስማ። ቅዳሜ፣ ልክ እንደጨረሰች።»

«አንቺስ ትችይዋለሽ? አንዴ ከጮኽሽ ሰፈሩ ይሰማል። ሰፈሩ ከሰማ የዛሬ ልጅ ፎቶውን ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለመለጠፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም።»

«አልጮኽም።»

ብዙነሽ ፊቴን አየችኝ። «ወርቄ፣ እናት እኮ ነሽ» አለች።

«እሷም ልጄ ናት» አልኳት።

ከባድ መስሎኝ ነበር። አልከበደኝም። ክንዴን ለቀቁኝ፣ ተነስቼ ሻይ አፈላሁላቸው፣ ጠጥተው ሄዱ። አቶ ሣህሌ የናኦልን ጓደኞች አንድ በአንድ ፈልገው እስከ ቅዳሜ ምንም እንዳይጽፉ አስማሏቸው። እኔም ሁለት ሰዓት ሲሆን ወደ ሥራዬ፣ ወደ እንጦጦ ፓርክ ወጣሁ። አትክልተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ አረም ነቀልኩ። ሥሩ ሳይበጠስ እንዲወጣ እየተጠነቀቅሁ ነቀልኩ። አለቃዬ በዚያ ሲያልፍ «ዛሬስ በርትተሻል» አለኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ሩሃማ ከዩኒቨርሲቲው መጣች።

«እማ፣ ከስተሻል» አለችኝ ገና ከበሩ።

«ጾም ነዋ።»

«ሐሙስ ነው እኮ ዛሬ!» ሳቀች። ቦርሳዋን አልጋው ላይ ወረወረች። «ለናኦል ስደውል ስልኩ ዝግ ነው።»

«በረሃ ነው፤ ኔትወርክ የለም።»

«ሁልጊዜ በረሃ! ቅዳሜ እንዳትቀር ብየው ነበር። ከቀረ እበቀለዋለሁ። ደግሞ ቀድሜ ተበቅየዋለሁ፤ ገድየዋለሁ።»

ሰሀን እያጠብኩ ነበር። ማጠቤን አላቋረጥኩም። «ምን ማለትሽ ነው?» አልኳት።

«ተውኔቱ ውስጥ ነዋ! ከእኛ ቤት ነው እኮ የሰረቅሁት፣ አልነገርኩሽም?» አጠገቤ መጥታ ሰሀኖቹን በፎጣ ታደርቅልኝ ጀመር። «ግሪክ አገር ነው፣ ድሮ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት። አንዲት እህት አለች። አንድ አዋቂ ‹ወንድምሽ በውኃ ይሞታል› ይላታል። ወንድሟ ደግሞ ባሕር ሊሻገር ስንቁን ቋጥሯል። እግሩ ላይ ወድቃ ታስቀረዋለች፣ በተራራው መንገድ ትሰደዋለች። ተራራው ላይ ዝናብ ይጥልና ጎርፍ ይወስደዋል።»

እግሩ ላይ የወደቅሁት እኔ ነኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት ናኦል በጅቡቲ አድርጎ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ሲነሳ እግሩን ይዤ ለመንኩት። ስለ እኔ ብሎ ቀረ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣ። ሩሃማ ያን ጊዜ በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር።

«ይትረፍ ብትይስ?» አልኳት። «አንቺ አይደለሽ የጻፍሽው?»

«ትራጄዲ ነው እማ! ቢተርፍማ መምህር ይድነቃቸው ይጥሉኛል።»

ከዚያ እንደ አስተማሪ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ታስረዳኝ ጀመር። ክፉ ሰው ሲወድቅ ማንም አያዝንለትም፤ ይበለው ነው የሚባለው። እንከን የሌለው ሰው ሲወድቅ ደግሞ ሰው አምላኩን ያማርራል። ስለዚህ የግሪኮቹ ሰው መሐል ላይ ያለ ነው፣ እንደ እኛ፤ ደግ ሆኖ የሚሳሳት። የሚሳሳተው ከክፋት ሳይሆን ካለማወቅ ነው። ሊያመልጥ የሮጠበት መንገድ ራሱ ወደፈራው ነገር ያደርሰዋል። ተመልካቹ ይህን ከመጀመሪያው ያውቃል። መድረኩ ላይ ያለው ብቻ ነው የማያውቀው።

«ሁሉም እያወቀ እሷ ብቻ?» አልኳት።

«አዎ። የሚያስጨንቀውም እሱ ነው።»

«ማንም ተነስቶ አይነግራትም?»

«እማ! ተመልካች ነው እኮ። እንዴት ብሎ ይነግራታል?»

ሰሀኑን አቀበልኳት። ውኃው ቀዝቅዞ ነበር፤ እጄ መቅላቱን አየሁ እንጂ ቅዝቃዜው አልተሰማኝም።

«ታዲያ ሰው ከፍሎ ገብቶ ይህን የሚያየው ለምን ብሎ ነው? ለቅሶ ቤት እያለለት?»

ሳቋ ቤቱን ሞላው። «እኛ ሰፈር በነፃ ነው በይኛ! ይህን ለመምህር ይድነቃቸው እነግርልሻለሁ።» ከዚያ ትንሽ አሰበች። «ሰው የራሱን ኀዘን አያየውም፣ ውስጡ ነዋ። በሌላ ሰው ላይ ሲያየው ግን ያዝናል። ነገ በእኔ ብሎ ደግሞ ይፈራል። አዝኖና ፈርቶ ሲወጣ ደረቱ ላይ ተቀምጦ የቆየው ነገር ይቀልለታል ይላሉ።»

«ይላሉ?»

«እኔማ ገና መች ደረሰብኝ።»

ግሪኮቹ ጭንብል አጥልቀው ይጫወቱ እንደነበርም ነገረችኝ። በዚያ ሰዓት አንድ ባገኝ ደስ ባለኝ።

ሰሀኑ ሲያልቅ ወረቀቶቿን አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ግሪኮቹ ሞትን መድረክ ላይ አያሳዩም አለች፤ መልእክተኛ ይመጣና ይናገራል፣ ከማየት መስማቱ ይበልጣል። «የመልእክተኛውን አንቺ አንብቢልኝ፣ እኔ ቀጥዬ የራሴን ልለማመድ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተማርሽው ታዲያ ለመቼ ነው?»

ሥራ ስጨርስ ጉራራ ባለው ትምህርት ቤት ከጎልማሶች ጋር ፊደል መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ጣቴን ከቃሉ ሥር እያስኬድኩ ነው የማነበው። ረጅም ቃል ሲገጥመኝ እቆማለሁ፣ ተመልሼ ከመጀመሪያው ፊደል እነሳለሁ። ሩሃማ ክፍሉ መሐል ቆመች። ማንበብ ጀመርኩ።

«እመቤቴ፣ ከተራራው መንገድ ነው የመጣሁት። ተቀመጪ። የምነግርሽ ቆመሽ የሚሰማ አይደለም። ዝናቡ ሲጀምር ሸለቆው ውስጥ ነበርን። ወንድምሽ ፊት ፊት ይሄድ ነበር። ድምፁን ሰማነው፣ ከዚያ አልሰማነውም። ወንድምሽ በሕይወት የለም።»

አንድም ቦታ አልቆምኩም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነሳኋቸው፣ አንድ በአንድ አስቀመጥኳቸው፤ የሚሉትን ግን አልሰማሁም። ሩሃማ ተንበርክካ የእህቲቱን ሙሾ አለች። እንባዋ እውነተኛ ነበር፤ አገጯ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁት። ከዚያ ተነስታ አጨበጨበችልኝ።

«እማ! አንድም አልተደናቀፍሽ እኮ! ግን እንደ ዜና ነው ያነበብሽው። ሰው ሞቷል፣ ትንሽ እዘኚለት እንጂ።»

«እሺ» አልኳት። «እንደገና ልበል?»

አራት ጊዜ አነበብኩላት።

አርብ ጠዋት ወደ ጓደኞቿ ስትመለስ ቀጥ ብዬ ብዙነሽ ቤት ሄድኩ። የፈተናው ነገር አሁን ሁለተኛ ሆኖብኝ ነበር። ልጄ ወንድሟን ጽፋ ገድላዋለች፤ በጻፈችው ላይ ደግሞ እውነቱ ደረሰ። ስትሰማ ምን እንደምትል አውቃለሁ። አሟረትኩበት ትላለች። ዕድሜዋን ሙሉ ትላለች።

«ታዲያ ዛሬ ንገሪያታ» አለች ብዙነሽ። «ከሰው ፊት ሳይሆን ከአንቺ ብትሰማ ይሻላል።»

«ፈተናውስ?»

«ወርቄ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልታድኚ አትችይም።»

«አንድ ቀን ነው የቀረው።»

«አንቺ ራስሽ እንዴት ነሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል?»

«ይወስደኛል» አልኳት። እውነቴን ነበር። ጋደም እንዳልኩ እንደ ድንጋይ እተኛለሁ፤ ከሁሉ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

ብዙነሽ ብቻሽን አልሰድሽም አለች። እሷና ሌሎች አራት ሴቶች፣ አቶ ሣህሌም ጭምር፣ አብረውኝ ሊሄዱ ተስማሙ። ተውኔቱ እንዳለቀ ልጅቷን ይዘን ቤት እንገባለን፣ አቶ ሣህሌ በወጉ ይነግሯታል።

«ጥቁር የለበሰ ሰው እንዳይመጣ» አልኳቸው። «ነጠላም የዘቀዘቀ እንዳይኖር።»

«ሞኝ አደረግሽን እንዴ?» አለች ብዙነሽ።

ቅዳሜ ብዙነሽ የእህቷ ልጅ ሲዳር የለበሰችውን ቢጫ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ሌሎቹም አጊጠዋል። አቶ ሣህሌ ቡናማ ኮታቸውን ለብሰው ባርኔጣ አድርገዋል። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲወጣ አይቶን ሠርግ የምንሄድ ያልመሰለው አልነበረም። ሾፌሩ እንኳ «ሙሽራዋ የት ናት?» ብሎ ቀልዷል። ማንም አልሳቀለትም።

መምህር ይድነቃቸው ተውኔቱን ወደ እንጦጦ ያወጡት ግሪኮቹ ከተራራ ሥር፣ በጠራራ ፀሐይ ይጫወቱ ስለነበር ነው። ባሕር ዛፉ መሐል ደረጃ ደረጃ የተሠራ የድንጋይ መቀመጫ አለ፤ ታች ሜዳው መድረክ ሆኗል። መጋረጃ የለም፣ መብራት የለም። የሚጫወተውና የሚያየው እኩል ይተያያል። ይህን ያኔ ልብ አላልኩትም። እኔ የማስበው ልብሳችንን ብቻ ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ስምንት ተማሪዎች አንሶላ ተጎናጽፈው አብረው ይናገራሉ፤ ለእህቲቱ ያዝናሉ፣ ይመክራሉ፣ ይገስጻሉ፣ ግን ምንም አያደርጉም።

«እነዚህ እድርተኞቹ ናቸው?» አለች ብዙነሽ በጆሮዬ።

«መሰለኝ።»

«ድንኳን እንኳ የላቸው» አለች።

ሩሃማ ገባች። ነጭ ለብሳለች፣ ፀጉሯን ፈታዋለች። እስከ ማክሰኞ ድረስ ይህችን ቀን ሳስብ ልቤ ይመታ ነበር፤ ቃሉ ቢጠፋትስ፣ ድምፅዋ ቢዘጋስ እያልኩ። ዛሬ ልቤ ዝም ብሏል። በወንድሟ እግር ላይ ስትወድቅ አየኋት፤ እኔ እንዴት ወድቄ እንደነበር ከውጭ ሆኜ አየሁ። ያን ያህል ሰው የሚያሸንፍ ነገር አይመስልም ነበር። ወንድምየው ግን ተሸነፈላትና በተራራው መንገድ ሄደ። ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ተማሪዎች ስልካቸውን አስቀመጡ። አንዲት ልጅ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። ሁላችንም አውቀናል፤ እሷ ግን በደስታ ትዘፍናለች።

ከዚያ መልእክተኛው መጣ። «እመቤቴ፣ ከተራራው መንገድ ነው የመጣሁት» አለ። «ተቀመጪ።»

ዝናቡን ተናገረ። ሸለቆውን ተናገረ። «ወንድምሽ በሕይወት የለም» አለ።

ብዙነሽ ቀኝ ክንዴን ያዘች። ወዲያው ግራ ክንዴም ተያዘ። ከኋላዬ አንዷ ሴት ትከሻዬን ጠበቅ አደረገች። አቶ ሣህሌ ተነስተው ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ማንም አስቦ አላደረገውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህ ቃል ሲነገር እጃቸው የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ልብሳችንን ተጠንቅቀናል፤ እጃችንን ማንም አላሰበውም።

ሩሃማ በዚያ ቦታ ላይ ቀና ብላ ሰዉን ማየት ነበረባት። ቀና አለች። ሌላው ሰው ሁሉ እሷን ያያል። የእኛ ሰፈር ሰዎች እኔን ያያሉ።

መጀመሪያ አቶ ሣህሌን አየች፣ ቆመው። ቀጥላ ክንዶቼን አየች። ሴቶቹ ደንግጠው ቶሎ ለቀቁኝ፤ እሱ ደግሞ ባሰ። ፊቴን አየችኝ። ፊቴ ምን እንዳሳያት አላውቅም። አምስት ቀን ሙሉ ምንም እንዳያሳይ ያሠለጠንኩት ፊት ነው።

ሙሾውን መጀመር ነበረባት፤ አልጀመረችም። መልእክተኛው ቃሉ የጠፋባት መስሎት ደገመላት፤ «ወንድምሽ በሕይወት የለም።»

«ሰማሁ» አለች።

ይህ በጽሑፉ ላይ የለም። አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ አውቃለሁ።

ትታ ትመጣለች ብዬ ነበር። አልመጣችም። ሙሾውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለችው፣ አንድ ቃል አላጎደለችም። ግን ከገበያ የሚገዛ ዕቃ እንደምትቆጥር አድርጋ ነው ያለችው። አልተንበረከከችም፣ እንባም አልነበራትም። ተማሪዎቹ አንድ ሁለት ማሳል ጀመሩ። ከመምህራኑ አንዱ ወደ ጎን ዘንበል ብለው የሆነ ነገር ተናገሩ፣ መምህር ይድነቃቸው ብዕራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። አንሶላ የለበሱት ስምንቱ የመጨረሻውን ሲናገሩ ድምፃቸው ከእሷ ድምፅ ጋር አብሮ ወረደ። ሲያልቅ የተጨበጨበው ጥቂት ነበር።

ያ ፈተና እንዳይበላሽ ብዬ ነው የደበቅሁት።

ደረጃውን በባዶ እግሯ ወጥታ ወደ እኛ መጣች። አቶ ሣህሌ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጄ ሩሃማ፣ እስኪ ተቀመጪ፤ ብርዱም እንደምታይው…» ብለው ጀመሩ።

«ጋሼ ሣህሌ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እሷ ትንገረኝ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ናኦል ነው?»

«ናኦል ነው።»

«መቼ?»

«ሰኞ።»

ብዙነሽ መጮህ ጀመረች። ሴቶቹ ተከተሏት። ተማሪዎቹ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ቆመው ያዩናል።

«ሰኞ ይህንኑ እየተለማመድን ነበር» አለች ሩሃማ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «እኔ ነኝ እማ። አሟረትኩበት።»

«አይደለሽም። ተቀመጪና ስሚኝ።»

ነገርኳት። ለማንም ያልነገርኩትን፣ የሰማሁትን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ማዳበሪያ ጭኖ ከጅቡቲ ሲመለስ እንደነበር። ከአዋሽ ወዲያ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እምቢ እንዳለው። ከፊቱ ሰው የጫነ መኪና እያለ መሪውን ወደ ገደሉ እንደመለሰው። ከኋላው የነበረ ሾፌር ወርዶ እንዳወጣው፣ ሲያወጣው ትንፋሽ እንዳልነበረው። ሰዓቱን ነገርኳት። ምንም አልዘለልኩም። ስናገር የማውቀው ሰው ታሪክ አልመሰለኝም።

«ከባሕሩ ያስቀረሁት እኔ ነኝ» አልኩ መጨረሻ ላይ። «አንቺ የጻፍሽው እኔ የሠራሁትን ነው። መኪናው ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

«አላወቅሽማ» አለችኝ።

«አንቺም አላወቅሽም።»

አጠገቤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች፤ ብዙነሽ ነጠላዋን አውልቃ አለበሰቻት። ታች ስምንቱ ተማሪዎች አንሶላቸውን እያጠፉ ነው። መምህር ይድነቃቸው ወደ እኛ ሊመጡ ተነሱ፣ አቶ ሣህሌ በእጃቸው ምልክት አስቆሟቸው።

«አልቅሰሻል?» አለች ሩሃማ።

«አላለቀስኩም።»

«ከማክሰኞ ጀምሮ?»

«ትሰሚያለሽ ብዬ።»

«አሁን ሰምቻለሁ።»

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። እሷም እንደ እኔ ሞከረች፤ ትንፋሿ ብቻ ወጣ። ሴቶቹ ለሁለታችን ያለቅሳሉ። ወንድሜ አስከሬኑን ይዞ የሚደርሰው ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ገና አምስት ሰዓት አልሞላም ነበር።